ቤታቸውን ባሕር ላይ ያደረጉ ባልና ሚስት

እንቆቅልሽ! ምን አውቅልህ በሉን። አጥር የለው፣ መሠረት የለው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚያድር ቤት ምንድን ነው? ቀንድ አውጣ ነው ያላችሁ እውነት አላችሁ። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሌላ ቤት ነው። ይህ ቤት ጀልባ ነው። የሚኖሩበትም በጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሱ ባልና ሚስት ናቸው።

በእኛ አገር ሰው ዕድሜው ሲገፋ ማረፊያው ቤቱ ነው። እርሻውን ልጆች ይይዙታል። አባት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እናት እንዝርታቸውን ያሾራሉ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ግን አንዳንድ ባልና ሚስት ሥራቸውን ሲጨርሱ ጭራሽ ከቤታቸው ይወጣሉ። ቤቱን ያከራዩታል ወይም ይሸጡታል። ጀልባ ይገዛሉ። ከዚያ ወዲያ በሞቃት ባሕሮች ላይ ከደሴት ወደ ደሴት እየዞሩ ይኖራሉ። ሁሉም ባለጸጋ አይምሰሏችሁ። ብዙዎቹ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ነርስ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በጡረታ ገንዘባቸው ይኖራሉ፤ ጀልባቸውንም በገዛ እጃቸው ይጠግናሉ።

ፖል ቻንድለርና ሬቸል ቻንድለር እንዲህ ካሉት ሰዎች ናቸው። አገራቸው እንግሊዝ ነው። አቶ ፖል በሕንፃ ሥራ ሙያ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሬቸል ደግሞ በምጣኔ ሀብት ጥናት የሠሩ ናቸው። ጀልባቸው ሊን ራይቫል ትባላለች። በዚህች ጀልባ በሱዌዝ ቦይ አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርደው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ገቡ። ሕንድን አይተው ሲሼልስ ወደምትባለው የደሴቶች አገር ወረዱ። እዚያ የደረሰባቸውን ኋላ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ጀልባዋንና ኑሮውን እንይ። ኑሮውን ያላወቀ ሰው ጉዳታቸውን በደንብ አይረዳውም።

ጀልባዋ

የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚታሰር ታውቃላችሁ። ሊን ራይቫል ግን ከመስተዋት ክርና ከሙጫ ከተሠራ ጠንካራ ነገር የተበጀች ናት። ይህ ነገር ፋይበር ግላስ ይባላል። ርዝመቷ 11 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወርዷ 4 ሜትር አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ መኝታ አለ፤ ምድጃ አለ፤ ሽንት ቤት አለ፤ ካርታ የሚዘረጋበት ጠረጴዛም አለ።

እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ውስጥ ምድጃው ራሱ አንድ ብልሃት አለው። በግራና በቀኝ በኩል ተንጠልጥሏል። ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ስታዘነብል ምድጃው ግን እንደ ቆመ ይቀራል። ይህ ባይሆን ኖሮ ድስቱ በየማዕበሉ ይደፋ ነበር። ቡናው ሁሉ ፈሰሰ ማለት ነው!

በጀልባዋ መካከል ረጅም ምሰሶ ቆሟል። በምሰሶው ላይ ሸራ ይዘረጋል። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ ትሄዳለች። ከሆዷ ሥር ደግሞ ከባድ ብረት አለ። ነፋስ ወደ ጎን ሲያዘነብላት ያ ብረት መልሶ ያቆማታል። ከኋላዋ መሪ አላት። ትንሽ ሞተርም አላት፤ ሞተሩ የሚያገለግለው ወደብ ለመግባትና ነፋስ ሲጠፋ ነው። ናፍታ ውድ ነው፤ ውቅያኖስ መካከልም ነዳጅ ማደያ የለም።

"ነፋሱ ከፊት ለፊት ቢመጣስ?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሸራ ያላት ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ጭነት የያዘች አህያ ቀጥ ያለ ዳገት እንዴት እንደምትወጣ አስቡ። ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ትታጠፋለች፤ ወደ ግራ ትሄዳለች። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ትደርሳለች። ጀልባዋም እንደዚሁ ናት። የነፋስን ዳገት በጥምዝምዝ ትወጣዋለች።

ፍጥነቷ ብዙ አይደለም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ጥሩ ሄደች ይባላል። ይህ የበቅሎ ሶምሶማ ነው። ነገር ግን በቅሎ ማታ ታድራለች። ጀልባ አታድርም። ቀንና ሌሊት ስለምትሄድ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ትጓዛለች።

ሌሊት ማን ይጠብቃል?

ጀልባዋ ሌሊቱን ሙሉ የምትሄድ ከሆነ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማየት አለበት። ትልልቅ የጭነት መርከቦች በዚያው ባሕር ይመላለሳሉ። እንዲህ ያለ መርከብ ትንሽ ጀልባን ረግጧት ቢያልፍ ልብ ላይል ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተራ ይገባሉ። አንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሌላው ይተኛል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ረጅም መንገድ ላይ ሁለቱ አብረው የሚነቁት ለምግብ ጊዜ ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ።

የሚጠብቀው ሰው ወገቡን ወይም ደረቱን በቀበቶ አስሮ ከጀልባዋ ጋር በገመድ ይያያዛል። አንዱ ተኝቶ ሳለ ሌላው በጨለማ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል? ጀልባዋ ትሄዳለች፤ ሰውየው ይቀራል። ለዚህ ነው ገመዱ የሚታሰረው።

ከዚህ የተነሣ "ይህ የወንድ ሥራ ነው፤ ይህ የሴት ሥራ ነው" ማለት ባሕር ላይ አያዋጣም። ባል ቢታመም ሚስት ሸራውን ማውረድ፣ ካርታውን ማንበብ፣ ሞተሩን ማስነሣት አለባት። ሚስት ብትታመም ባል ዱቄት አቡክቶ ዳቦ መጋገር አለበት። ቢኳረፉስ? እዚህ ላይ ሳቅ ይመጣል። ጎረቤት የለ፤ ሽማግሌ የለ፤ በሩን ዘግቶ ወደ እናት ቤት መሄድ የለ። 11 ሜትር ተኩል ውስጥ ታርቆ ማደር ብቻ ነው።

ውሃና ምግብ

ውሃ በውሃ ተከበው ውሃ ይቸግራቸዋል። የባሕር ውሃ አይጠጣም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ሰው ቢጠጣው ጥሙ ይብሳል እንጂ አይረካም። ሰውነታችን ያንን ጨው ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ያጣል።

ስለዚህ ንጹሕ ውሃ በጀልባዋ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተለክቶ ይቀመጣል። ብዙ ጀልባዎች የሚይዙት ጥቂት መቶ ሊትር ነው። ሳህን በባሕር ውሃ ይታጠባል። ገላም በባሕር ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ አንድ ቆርቆሮ ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ዘርግተው ያጠራቅማሉ። የመጀመሪያው ዝናብ የሸራውን ጨው ያጥበዋልና ይደፋል፤ ቀጥሎ የሚወርደው ይጠጣል። ከወንዝ በእንስራ የምትቀዳ እናት ይህን ቁጠባ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በዛሬ ጊዜ ጨውን ከባሕር ውሃ የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ሆኖም ውድ ነው፤ መብራትም ይፈልጋል። መብራቱን ብዙዎች የሚያገኙት ከፀሐይ ሰሌዳ ነው።

ስንቃቸው ሩዝ፣ ዱቄት፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና የታሸገ ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ የሌላቸው ሰዎች እንቁላልን ቅባት ቀብተው ያስቀምጡታል። ቅባቱ የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን እንቁላሉ ለሳምንታት ይቆያል። በየጊዜውም ይገለባብጡታል። ከጀልባዋ ኋላ መንጠቆ እየጎተቱ ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ክንፍ የመሰለ መዋኛ ያላቸው ዓሦች ከባሕሩ ዘለው ጀልባው ላይ ይወድቃሉ። ጠዋት ለቅሞ መጥበስ ነው።

ነገር ግን በሞቃት ባሕር ዓሣ ሁሉ አይበላም። ድንጋይ የሚመስል፣ በጥቃቅን እንስሳት የተሠራ ነገር በባሕሩ ውስጥ አለ። ኮራል ይባላል። በኮራል ላይ መርዝ ያለው ደቃቅ ነገር ይበቅላል። ትናንሽ ዓሦች ያንን ይበላሉ፤ ትልልቆች ትናንሾቹን ይበላሉ፤ መርዙም በትልልቆቹ ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ መርዝ ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ብልህ መንገደኛ አስቀድሞ የደሴቱን ዓሣ አጥማጆች ይጠይቃል። እነርሱ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ስፍራ እንደሚበላ ያውቃሉ።

ኮራል ለጀልባም ጠላት ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሆድ ግን ይቀዳል። ወደ ደሴት ሲጠጉ አንዱ መሪውን ይይዛል፤ ሌላው ከፊት ቆሞ የውሃውን ቀለም ያነባል። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ጥልቀቱ እየቀነሰ ነው። ቡናማ ከሆነ ኮራል ነው፤ ተመለስ! ይህ ንባብ የሚቻለው ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ ስትሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ወደማያውቁት ደሴት አይገቡም። እስኪነጋ ባሕር ላይ ይጠብቃሉ።

የነፋስ ቀን መቁጠሪያ

ገበሬ መቼ እንደሚዘራ ያውቃል። በታኅሣሥ ጤፍ የሚዘራ የለም። የባሕር ሰውም እንደዚሁ የራሱ ወራት አሉት።

በሕንድ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። በእኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ ዓረብና ወደ ሕንድ አገር በኃይል ይነፍሳል። በበጋ ደግሞ ተመልሶ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ሞንሱን ይባላል። የእኛንም ክረምትና በጋ ከሚያፈራርቀው የአየር ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ሞተር ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚህ ነፋስ ወደ ዛንዚባር እየሄዱ፣ ሲገለበጥ ይመለሱ ነበር።

ሌላው የሚፈራው ሳይክሎን ነው። ሳይክሎን ማለት በሞቃት ባሕር ላይ እየተሽከረከረ የሚሄድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዐውሎ ነፋስ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይበረታል። ይሁን እንጂ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ በሆነ ስፍራ ሳይክሎን አይፈጠርም። ምክንያቱም ነፋሱን የሚያሽከረክረው የምድር መዞር ኃይል እዚያ ደካማ ነው።

የሲሼልስ ዋና ደሴት ማሄ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በጣም ሳትርቅ ትገኛለች። ለዚህ ነው ብዙ ባለጀልባዎች እዚያ አርፈው የሚቆዩት። ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ትባላለች። ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዓለም ላይ ትልቁ የተክል ዘር የሚገኘው በእርሷ ነው። የአንድ ዓይነት ዘንባባ ፍሬ ነው፤ አንዱ ፍሬ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። አልዳብራ በሚባለው ደሴቷ ደግሞ ግዙፍ ኤሊዎች በብዙ አሥር ሺህ ይኖራሉ።

እንግዳ ጀልባ እንዲህ ካለ አገር ሲደርስ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል። "በሽታ የለብኝም፤ ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ" ማለት ነው። የጤና፣ የጉምሩክና የፓስፖርት ሹሞች አይተው እስኪፈቅዱ ማንም ወደ ምድር አይወርድም። ባሕር አጥር የለውም ብለናል፤ ፈቃድ ግን አለው።

ጥቅምት 2002

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በጥቅምት ወር 2002 ዓ.ም. ቻንድለሮች ከሲሼልስ ተነሡ። ሐሳባቸው ወደ ታንዛኒያ መሻገር ነበር። ወሩ ጥሩ ነው። ኃይለኛው የክረምት ነፋስ አልፏል፤ ባሕሩም ረግቷል። አቶ ፖል 60 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ወይዘሮ ሬቸል በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያንን ወር የሚጠብቁት አረጋውያን ባለጀልባዎች ብቻ አልነበሩም። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎችም ይጠብቁት ነበር። የወንበዴዎቹ ጀልባ ትንሽና ፈጣን ነው። በክረምቱ ነፋስ ማዕበሉ ሲከፋ መውጣት አይችሉም። ባሕሩ ሲረጋ ይወጣሉ። ለአንዱ የጉዞ ወቅት የሆነው ለሌላው የአደን ወቅት ነበር።

ቀድሞ ወንበዴዎቹ የሚያድኑት በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ማለት በሶማሊያና በየመን መካከል ነበር። የብዙ አገር የጦር መርከቦች እዚያ መጠበቅ ሲጀምሩ ወንበዴዎቹ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ወጡ። በኃይል የያዟቸውን ትልልቅ መርከቦች እንደ ሰፈር እየተጠቀሙ እስከ ሲሼልስ ድረስ ደረሱ።

ጥቅምት 13 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተራው የወይዘሮ ሬቸል ነበር። አቶ ፖል ተኝተዋል። በጨለማው ውስጥ የሞተር ድምፅ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ጀልባዋ ላይ ወጡ። ባልና ሚስቱ የድረሱልን ምልክት የሚያሰራጨውን መሣሪያ ማስነሣት ችለው ነበር። ምልክቱ ተሰማ። የሚደርስ ግን አልነበረም።

ወንበዴዎቹ ሊን ራይቫልን ወደ ሶማሊያ እንድትሄድ አስገደዷት። ከቀናት በኋላ ባልና ሚስቱን አስቀድመው ወደ ማረኩት የጭነት መርከብ አዛወሯቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ረዳት መርከብ በአቅራቢያው ነበረ። ነገር ግን አልተኮሰም። ተኩስ ቢከፈት አስቀድመው የሚሞቱት ሁለቱ ናቸው ተብሎ ተፈራ። ባዶዋ ጀልባ ባሕር ላይ ተገኘች፤ ተጭናም ወደ እንግሊዝ ተወሰደች። ቤቱ አገሩ ገባ፤ ባለቤቶቹ ቀሩ።

388 ቀን

አጋቾቹ መጀመሪያ የጠየቁት 7 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። አንዲት ትንሽ ጀልባ ያላቸውን ጡረተኞች የሀብታም አገር ሰዎች ስለሆኑ ብቻ ባለጸጋ መስለዋቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለአጋች ገንዘብ አልከፍልም የሚል አቋም ነበረው። ምክንያቱ ይገባል። ዛሬ ለአንዱ ቢከፈል ነገ ሌላ ሰው ይታገታል። ይህን ግን ለታገተው ሰው እኅትና ወንድም ማስረዳት ከባድ ነው። እኛም "ትክክሉ ይህ ነው" ብለን ለመፍረድ አንደፍርም።

ባልና ሚስቱ በመካከለኛው ሶማሊያ በረሃ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ ተጠበቁ። ሙቀት፣ አቧራ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፤ ከዚህ በቀር ሌላ የሚያዩት አልነበረም። ይህን ሁሉ አብረው ሳሉ ቻሉት። በጥር ወር 2002 ግን አጋቾቹ ሊለያዩአቸው መጡ። ሁለቱ እምቢ አሉ። አንለያይም ብለው ተያያዙ። ተደበደቡ፤ በግድም ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ለወራት አንዱ የሌላውን መኖርና መሞት አያውቅም ነበር።

ከላይ ስለ ሌሊቱ ተራ ያልነው ትዝ ይበላችሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚጠብቀው ነበሩ። አጋቾቹ የገንዘብ ድርድሩን ለማፋጠን ሲሉ ያንኑ ነገር መረጡ። ከጥይት ይልቅ መለያየት እንደሚያሰቃያቸው ገብቷቸው ነበር። በዚያው ወር አንድ ሶማሌ ሐኪም እንዲያያቸው ተፈቀደለት። በአካልም በመንፈስም እንደተጎዱ እርሱ ለዓለም ተናገረ። ኋላ ግን መልሰው አገናኟቸው።

በሰኔ 2002 ዘመዶቻቸው ገንዘብ አሰባስበው ከፈሉ። 440,000 ዶላር ያህል እንደሆነ ተዘግቧል። አጋቾቹ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ሰዎቹን ግን አልለቀቁም። ወንበዴ ቃል አለው ወይ?

ሶማሊያ በ1983 ዓ.ም. ማዕከላዊ መንግሥቷ ከፈረሰ በኋላ ባሕሯን የሚጠብቅላት አልነበረም። የውጭ አገር መርከቦች ያለ ፈቃድ እየገቡ ዓሣዋን አጋበሱ። አንዳንድ ወንበዴዎች "እኛ ባሕራችንን የምንጠብቅ ዓሣ አጥማጆች ነን" ይሉ የነበረው ይህን ይዘው ነው። ቅሬታው እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ቻንድለሮች አንድ መረብ አልጣሉም። ደግሞም ይህን ሥራ ያወገዙት ሶማሌዎች ራሳቸው ብዙ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሶማሌዎች "እነዚህን አዛውንት ልቀቁ፤ እኛን አሰደባችሁን" እያሉ ለመኑ። ከእነርሱም አንዱ፣ ቀድሞ በለንደን የታክሲ ሾፌር የነበረ ሰው፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር እየተነጋገረ ብዙ ደከመ። በኅዳር 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ አዳዶ በምትባል ከተማ ተለቀቁ። በሞቃዲሾ በኩል ናይሮቢ ገቡ። የታገቱበት ጊዜ 388 ቀን ተቆጠረ።

እንደነርሱ ያልቀናቸውም አሉ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 2003፣ ስኮት አዳምና ጂን አዳም የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በዖማን ባሕር አቅራቢያ ተያዙ። እነርሱም በጡረታ ዘመናቸው በሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ ነበሩ። የአሜሪካ ጦር መርከቦች ደርሰው ድርድር ላይ ሳሉ አራቱም በጥይት ተገደሉ።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጦር መርከቦች ጥበቃ ሲበረታና የጭነት መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ መያዝ ሲጀምሩ ውንብድናው በጣም ቀነሰ። በ2016 ዓ.ም. ግን እንደገና መርከብ ተያዘ። ስለዚህ ብዙ ባለጀልባዎች ዛሬም ከሶማሊያ ጠረፍ እጅግ ርቀው ያልፋሉ። ሌሎችም ቀይ ባሕርን ትተው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ይዞራሉ። መንገዱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጨምራል።

ቻንድለሮች አገራቸው ሲመለሱ ብዙ ሰው "በቃ፣ ከእንግዲህ ባሕር አያዩም" ብሎ ነበር። እኛም እንደዚያ ባሰብን። እነርሱ ግን ጀልባቸው ወዳለችበት ሄዱ። ወንበዴዎች የሰባበሩትንና የዘረፉትን መጠገንና መተካት ነበረባቸው። ጨው ብረት ይበላል፤ ሸራ ያረጃል፤ የጀልባ ሆድ ካልተፋቀና ቀለም ካልተቀባ ዛጎል ይበቅልበታል። ይህ ሁሉ ሥራ ተሠራ። በ2005 ዓ.ም. መባቻ ገደማ፣ ከተለቀቁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ባልና ሚስቱ በደቡብ እንግሊዝ ካለችው ከዳርትማውዝ ወደብ በዚያችው በሊን ራይቫል ሸራቸውን ዘርግተው ወጡ።